እሺ፣ ቆይ፣ እምቢ

አባይ ማዶ፣ በኪራይ ክፍል፣ ጥር ሲገባደድ፣
ከፖሊ በጨረታ ከወጣ አሮጌ ኮምፒውተር ጋር፣
ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ ካንዲት ገመድ፣
በገዛ እጄ በጻፍኩት ከርነል ፍላሽ ለማናገር።

ጨዋ ናት ፍላሿ፤ አሳዳጊ አላጣችም፤
ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት አታውቅም።
ሆዷ ወሬ ቋጥሮ ሊፈነዳ ቢደርስ
ከርነሉ ካልጠራት ትንፍሽ አትልም፣ እስከ ነገ ድረስ።

ስትሰካ ስም የላትም፤ ዜሮ ነው መጠሪያዋ፣
ክርስትና እንዳልተነሣ ጨቅላ።
«ማነሽ? ማን ሠራሽ? በአንድ ጉርሻ
ስንት ባይት ትውጫለሽ?» እላታለሁ።
«ስልሳ አራት።»
ሰባት ብዬ ሰየምኳት። ከዚያ ወዲያ
ሰባት ሲባል ብቻ ነው አቤት የምትለው።

ለምጠይቃት ሁሉ መልሷ ሦስት ቃል ነው፦
እሺ፤ ተቀብያለሁ።
ቆይ፤ እጄ ባዶ አይደለም፣ ተመልሰሽ ጠይቂኝ።
እምቢ፤ በሬን ዘግቻለሁ፣ እስክታስታርቂኝ።

ቆይ ቁጣ አለመሆኑን ለማወቅ
ሁለት ሌሊት ፈጀሁ።
እምቢን ግን በር በመደብደብ አትፈታውም፤
ሽማግሌ ይላካል፣ በዜሮው በር በኩል፣
ቂሙን አጥፍቶ ቆጠራውን ከሥሩ የሚያስጀምር።

ለሙከራ የጫንኩባት የአባቴን መዝገብ ነው፤
ሃያ ስድስት ዓመት፣ ከወደቡ ጥግ፣
የጣናን ልክ ከዘንጉ እያነበበ የጻፈውን።
ሳነበው፣ ኅዳር ሦስት ሁለት ጊዜ መጣ።
ኅዳር ሦስት፣ ሁለት ጣት ወረደ።
ኅዳር ሦስት፣ ሁለት ጣት ወረደ።

እያንዳንዱ ፓኬት ግንባሩ ላይ ምልክት አለው፤
ዜሮ፣ ቀጥሎ አንድ፣ ደግሞ ዜሮ፣ ደግሞ አንድ፣
ታንኳ ቀዛፊ ግራ ቀኝ እንደሚለው።
ያው ምልክት ሁለቴ ከመጣ
እሺታዬ ነው መንገድ ላይ የቀረው።
ላኪዋ ደረሰኝ አልደረሳትም፤
ያንኑ ብትደግም አይፈረድባትም።
ደንቡ አጭር ነው፦ ድግሙን ጣይ፤
እሺን ግን እንደገና በይ።
እኔ ምልክቱን ሳላይ ሁሉንም አግበሰብሳለሁ።

ስልኬ ጮኸ። አባቴ።
«ሁለት ጣት ወርዷል» አለኝ።
ትናንትም ሁለት ጣት ነበር። ከትናንት ወዲያም። ሰኞም።
እኔም «እ... እ...» እያልኩ፣ ጣቴ ቁልፍ ላይ፣
ዓይኔ ስክሪን ላይ።
(እ... ከሦስቱ ቃል አንዱ አይደለም።)

እጄ ቆመ።
ያው ምልክት።

«እሺ አባዬ» አልኩ። «ሁለት ጣት። ደርሶኛል።»
ዝም አለ። ማዕበሉ ደንገሉን ሲዳብስ በስልኩ ይሰማል።
ከዚያ ተከታዩ መጣ፦
«ዓይኔ ቁጥር መለየት ትቷል።
ከመስከረም ወዲህ የምጽፈው በግምት ነው፣ ልጄ።»

ሦስት ቃል ነበረኝ። አንዱም አልሆነም።

ገመዱን ሳልነቅል ወጣሁ፤ በባጃጅ፣ ድልድዩን ተሻግሬ።
ጎህ ሲቀድ ከዘንጉ ሥር ቆመናል፤
እንቦጩ ጫማችንን ይነካል፤
ዘበኛው አንማው ባትሪ አብርቶልናል፣
መዝገቡ አባቴ ጉልበት ላይ ተዘርግቷል።
ጠራኝ። አቤት አልኩ።
«ስንት?»
ነገርኩት።
እስክሪብቶውን ከአፍንጫው ሊያገናኝ ምንም ሳይቀረው ጻፈ።
«እሺ። ንፋሱስ?»
ነገርኩት።
«እሺ።»

ከመስከረም ወዲህ ያሉትን መስመሮች አልሰረዛቸውም፤
ከየዳራቸው አንድ ቃል እየጨመረ ወረደ፣
ግምት፣ ግምት፣ ግምት፣
ፀሐይ ዘጌ ላይ እስክትደርስ።

ማታ ኮዱን አቃናሁ።
ኅዳር ሦስት አንድ ጊዜ ብቻ መጣ፣
ከነግምቱ።